ጎተራ ሳይገባ ኪስ የሚገባው ስንዴ

ታኅሣሥ ሲጋመስ የሲናና ሜዳ መልኩን ይለውጣል። ከሮቤ ከተማ ወጣ ሲሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ስንዴ ደርቆ፣ ራሱን ደፍቶ አጫጁን ይጠብቃል። ኮምባይነሩ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይሻገራል። ወረፋ የያዙ አርሶ አደሮች ዳር ቆመው ተራቸውን ያያሉ። ጆንያ ያዡ፣ አፍ ሰፊው፣ ተሸካሚው ሁሉም በየሥራው ነው። ከእነርሱ ጎን የጭነት መኪና ቆሟል። ነጋዴውና ደላላው ሚዛን ይዘው መጥተዋል። ጠዋት ቆሞ የነበረው ሰብል ብዙ ጊዜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመዝኖ፣ ዋጋው ተቆርጦ፣ መኪና ላይ ይወጣል። ገንዘቡም ወይ በጥሬው ተቆጥሮ ወይ በስልክ ተልኮ አባወራው እጅ ይገባል።

በዚያው ሰዓት እማወራዋ ቤት ውስጥ ለሠራተኞቹ ምሳ እያሰናዱ ነው። ስንት ኩንታል እንደወጣ፣ ስንቱ እንደተሸጠ፣ በምን ዋጋ እንደተሸጠ የሚሰሙት ማታ ነው። እሱም ከተነገራቸው ነው።

በባል እና በሚስት መካከል ለቤት ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር በሚለው ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚጀመር ይመስላል። አንዱ ቆርቆሮ ይገዛ ሲል ሌላው የልጆች ልብስና ደብተር ይቅደም ይላል። አንዱ በሬ፣ ሌላው ላም ይመርጣል። ነገሩ በጥሞና ሲታይ ግን ውሳኔው ሱቅ ከመደረሱ በፊት ያለቀ ነው። ለግዢ የሚውለው ገንዘብ መጠን የሚወሰነው በሽያጩ ጊዜ ነው። በሽያጩ ላይ ያልተገኘ ሰው በግዢው ላይ ያለው ድምፅ ቀድሞ ተሽጧል።

ሁለት ኪስ በአንድ ቤት

በባሌ ደጋ እንደ ብዙው የአገራችን ገጠር አንድ ቤት ሁለት ኪስ አለው። ትልቁ ኪስ የስንዴ፣ የቢራ ገብስ፣ የበሬና የበግ ነው። እሱን የሚይዙት አባወራው ናቸው። ትንሹ ኪስ የቅቤ፣ የእንቁላልና የዶሮ ሲሆን የእማወራዋ ነው። ትልቁ ኪስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ትንሹ በየገበያው ቀን በጥቂት በጥቂቱ ይገባበታል።

ወጪውም በዚያው ልክ ተከፍሏል። ማዳበሪያ፣ የአረም መድኃኒት፣ የትራክተርና የኮምባይነር ኪራይ፣ በሬ፣ ፈረስና ጋሪ፣ የቤት ክዳን የመሳሰሉት ከትልቁ ኪስ ይወጣሉ። ጨው፣ ዘይት፣ ቡና፣ ሳሙና፣ የወፍጮ ክፍያ፣ የልጆች ደብተርና የሕክምና ጥቃቅን ወጪ ከትንሹ ኪስ ይሸፈናሉ። ቅቤው ሲያንስ ወይም ዶሮው ሲያልቅ እማወራዋ ከትልቁ ኪስ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ጥያቄው ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀርበው ገንዘቡ ለሌላ ነገር ከታሰበ ወይም ከወጣ በኋላ ነው።

ይህ ክፍፍል በራሱ ጥፋት አይደለም። ባልና ሚስት ለእያንዳንዱ ኪሎ ጨው እየተሰበሰቡ እንዲመክሩ የሚጠብቅ የለም። ችግሩ የሚመጣው ትንሹ ኪስ የማይችለውን ወጪ ሲሸከምና ትልቁ ኪስ ስላለው ነገር ሌላኛው ወገን ምንም ሳያውቅ ሲቀር ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል በብዙ ቤት ዛሬም በተግባር ይታያል። ሚስት ሐሳብ ታመጣለች፤ የሚቆርጠው ባል ነው።

ኮምባይነር የለወጠው ነገር

ባሌ በአገሪቱ የስንዴ እርሻ በሜካናይዜሽን ቀድመው ከገቡ አካባቢዎች አንዱ ነው። በደርግ ዘመን የተቋቋሙት የመንግሥት እርሻዎች ትራክተርንና ኮምባይነርን ለአካባቢው አርሶ አደር አስተዋወቁ። በኋላም በኪራይ የሚሠሩ ማሽኖች በሲናና፣ በአጋርፋ፣ በጋሰራ፣ በጎሮና በጊኒር ሜዳዎች ተለመዱ። ጥቅሙ የማይካድ ነው። የአጨዳና የውቂያ ድካም ቀርቷል፤ ዝናብ ሳያበላሸው ሰብል ይሰበሰባል።

ከዚህ ጥቅም ጋር ሳይታሰብ የመጣ አንድ ለውጥ ግን አለ። ቀድሞ እህል ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ተወቅቶና ተነፍቶ ወደ ቤት ሲገባ በእማወራዋ ዓይንና እጅ ያልፍ ነበር። ጎተራ ውስጥ ስንት እንዳለ፣ በስንት ቁና እየተቀነሰ እስከ መቼ እንደሚያደርስ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ። ዛሬ ስንዴው ከኮምባይነሩ ሆድ ወደ ጆንያ፣ ከጆንያው ወደ መኪና ሲሄድ ግቢውን ሳይረግጥ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የሴቷ የነበረው የጎተራ ሥልጣን ማንም ሳይከለክላት በዚህ መንገድ እየሳሳ ሄዷል።

ጉዳቱ ለሴቷ ብቻ አይደለም። ቤቱ በወር ስንት እህል እንደሚፈጅ በትክክል የሚያውቀው ሰው ለሽያጭ የሚወጣው መጠን ሲወሰን በቦታው አለመኖሩ መላውን ቤተሰብ ያከስራል።

ሒሳቡ ሲሠራ

የባሌ ደጋ አርሶ አደር በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። በአካባቢው አጠራር «ገና» የሚባለው የበልግ ወቅት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘርቶ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሰበሰባል። «ቦና» የሚባለው የመኸር ወቅት ደግሞ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ተዘርቶ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይሰበሰባል። ይህ ለብዙ የአገራችን አካባቢዎች ያልተሰጠ በረከት ነው። በሌላ በኩል ሁለት የምርት ወቅት ማለት ሁለት ጊዜ ማዳበሪያ፣ ሁለት ጊዜ ዘር፣ ሁለት ጊዜ የማሽን ኪራይ ማለት ነው። አንዱ ምርት ገና ሳይታጨድ የሚቀጥለው ወጪ ይመጣል። በዚህ ጥድፊያ ዕዳ ለመክፈል ሲባል ምርት በተሰበሰበበት ሳምንት፣ ገበያው በሞላበትና ዋጋው በወረደበት ጊዜ ይሸጣል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በወር አንድ ኩንታል እህል የሚፈጅ ቤተሰብ አለ እንበል። የቦናው ምርት ጥር መባቻ ላይ ከገባ፣ የገናው እስኪደርስ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሰባት ወር አለ። ስለዚህ ለምግብ ሰባት ኩንታል ያስፈልጋል። ሁለት ሄክታር በስንዴ ለመሸፈን በሄክታር አንድ ኩንታል ተኩል ሒሳብ ሦስት ኩንታል ዘር ይያዛል። ለእንግዳ፣ ለለቅሶና ለበዓል ሁለት ኩንታል ቢታሰብ ድምሩ 12 ኩንታል ይመጣል።

አሁን አባወራው ማሳ ዳር ቆመው፣ ነጋዴው እየጠበቃቸው፣ በግምት ስምንት ኩንታል አስቀርተው ሌላውን ሸጡ እንበል። የጎደለው አራት ኩንታል ነው። ሰኔ ላይ ጎተራው ሲራቆት ያን አራት ኩንታል ከገበያ መግዛት ግድ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ዋጋው ጥር ላይ ከሸጡበት በኩንታል አንድ ሺህ ብር ቢጨምር ቤተሰቡ 4 ሺህ ብር በከንቱ አጣ ማለት ነው። ለማጓጓዣ የሚወጣው ሲጨመርበት ኪሳራው ከዚህም ይልቃል። የጎደለው ዘር ከሆነ ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ እህል ገዝቶ መዝራት ይከተላል፤ ያም በሚቀጥለው ምርት ላይ ሌላ ኪሳራ ያመጣል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ክፉ ባል የለም። ገንዘቡን በመጠጥ ያጠፋ፣ ከቤተሰቡ የሰረቀ የለም። ያለው የጎተራውን ሒሳብ የሚያውቀውን ሰው ሳይጠይቅ የተቸኮለ ሰው ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት የሚስማማው ለዚህ ዓይነቱ ቤት ነው።

ድንገተኛ ወጪም ሌላው ፈተና ነው። በ2006 ዓ.ም. የመኸር ወቅት በባሌና በአርሲ በስፋት ይዘራ በነበረው «ዲገሉ» በተባለ የስንዴ ዝርያ ላይ የግንድ ዋግ ወርዶ ከፍተኛ ጉዳት ማድረሱ አይዘነጋም። ዋግ በታየ ጊዜ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ገዝቶ ለመርጨት ያለው ጊዜ ቀናት እንጂ ወራት አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የሚሆን ገንዘብ ተለይቶ ያልተቀመጠበት ቤት፣ ወይም የተቀመጠውን ለማውጣት የግድ አባወራውን ከሄዱበት መጠበቅ ያለበት ቤት ማሳውን አሳልፎ ይሰጣል። ሁለቱም የሚያውቁት፣ ሁለቱም ሊያወጡት የሚችሉት መጠባበቂያ የሰብል ጥበቃ አካል ነው።

ከሳነቴ ማዶ

ከሮቤ ተነስቶ በጎባ በኩል ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴ አምባ አቋርጦ፣ የሐረናን ደን ወርዶ በዶሎ መና በኩል የሚሄደው መንገድ ወደ መዳ ወላቡ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ብድሬ ያደርሳል። በዚያ አካባቢ የቤቱ ሀብት ከስንዴ ይልቅ በከብት፣ በፍየልና በበቆሎ ይመዘናል። ኮምባይነር የለም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ከብት ወደ ገበያ የሚነዱት አባወራው ናቸው። ወተቱን የሚያልቡት፣ የሚንጡት፣ ቅቤውን የሚሸጡት እማወራዋ ናቸው። ስለዚህ አንዲት የምትታለብ ላም ስትሸጥ አባወራው አንድ ከብት ሸጡ፤ እማወራዋ ግን የዕለት ገቢያቸውን፣ ሕፃናቱም ወተታቸውን አጡ። የላሟ ዋጋ በትልቁ ኪስ ሲገባ ትንሹ ኪስ ይደርቃል።

ላሟን መሸጥ አንዳንዴ የማይቀር ሊሆን ይችላል። ድርቅ ሲመጣ ከብትን ሥጋው ሳይከሳ መሸጥ ብልኅነት ነው። የትኛዋ ትሸጥ፣ መቼ ትሸጥ፣ በገንዘቡ ምን ይተካ የሚለውን ግን ወተቱን የሚያውቀው ሰው ሳይኖር መወሰን አይገባም።

ሲንቄ የያዘው ቁም ነገር

በቤት ጉዳይ ሴት ድምፅ ይኑራት ሲባል ከውጭ የመጣ ሐሳብ አድርገው የሚያዩ አሉ። የአካባቢው ባህል ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ሙሽራ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ የተባለች ዘንግ አለች። ሲንቄ የያዘች ሴት ክብሯና መብቷ የተጠበቀ ነው። በባሏ የተበደለች ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትጮኽ የሠፈሩ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ይሰበሰባሉ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይዳኛሉ፤ ያጠፋ ካሣ ይከፍላል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም ካወቃቸው የሥርዓቱ ገጽታዎች አንዱ ይኸው የሴቶች ተቋም ነው። የቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ባንክነት ሲያድግም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ዘንግ ነው፤ «ሲንቄ ባንክ»።

በዚሁ ባህል ወተትና ቅቤ የሴቷ ነው። ባል ገብቶ ከወተት ዕቃ መቅዳት ነውር ነው። ይህ የሚያሳየው የቀድሞ አባቶች የቤትን ሀብት ለአንድ ሰው ጠቅልለው አለመስጠታቸውን ነው። የአካባቢው አብዛኛው ነዋሪ በሚከተለው የእስልምና ሃይማኖትም ሚስት መህሯም ሆነ በራሷ ያፈራችው ንብረት የራሷ ነው፤ ቤተሰቡን የመቀለብ ግዴታም የባል ነው። የሚጎድለው ይህ ሥርዓት ገንዘቡ ከወተት ወደ ስንዴ፣ ከስንዴ ወደ ባንክና ወደ ስልክ በተሸጋገረበት በዛሬው ጊዜ ተከትሎት አለመሄዱ ነው።

ከባሌ ውጭም ምሳሌ አለ። በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሥራን የወንድና የሴት ብሎ አይከፍልም። ሴቶች ያርሳሉ፤ ወንዶች እንጀራ ይጋግራሉ። ሁሉም መንደር አውራ አምባን ይሁን ማለት አይደለም። ሥራውን በጋራ የሚሠራ ቤት ሒሳቡንም በጋራ ማወቅ እንደማይከብደው ግን ያሳያል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ኃላፊ፣ የጋራ ንብረቱም አስተዳዳሪ አድርጎ ነበር። ይህ ዛሬ የለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች መሬትን ጨምሮ ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠርና የማስተላለፍ መብት አላቸው ይላል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የጋራ ንብረት የሚተዳደረው በሁለቱ ተጋቢዎች መሆኑን ይገልጻል። የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረትን ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በዋስትና ለመስጠት የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆንም እንዲሁ። ሳይስማማ የቀረው ወገን ውሉን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያፈርስለት መጠየቅ ይችላል። የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69፣ የራሱን ድንጋጌ ደንግጓል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 ደግሞ ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት መሬት የሁለቱ ስም የሰፈረበት የይዞታ ማረጋገጫ እንዲሰጥ ያዛል።

እንግዲህ በመሬቱ ደብተር ላይ ሁለት ስም አለ። ከመሬቱ የወጣው ስንዴ የተሸጠበት ገንዘብ የሚገባበት የባንክ ደብተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ስም ነው። ሕጉ ማሳው ድረስ መጥቶ ጆንያው ጋ ቆሟል።

መጠየቅና መወሰን

በ2008 ዓ.ም. በማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በትዳር ላይ ያሉ ሴቶች ስለራሳቸው ሕክምና፣ ስለ ከፍተኛ የቤት ግዢና ዘመድ ስለመጠየቅ ማን እንደሚወስን ተጠይቀዋል። በሦስቱም ጉዳዮች ብቻቸውን ወይም ከባላቸው ጋር እንደሚወስኑ የተናገሩት 71 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ የሚያበረታታ ነው። ነገር ግን «አብረን እንወስናለን» የሚለው መልስ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከሽያጩ በፊት ተቀምጦ መምከርና ከሽያጩ በኋላ ማታ ላይ መነገር ሁለቱም «አብረን» ሊባሉ ይችላሉ።

ለውጥ መኖሩን የሚያሳይ ሌላም ጥናት አለ። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ኔሃ ኩማርና አግነስ ኪሱምቢንግ በኢትዮጵያ የገጠር መንደሮች በ1989 እና በ2001 ዓ.ም. የተሰበሰቡ መረጃዎችን አነጻጽረዋል። በፍቺ ጊዜ ንብረት እኩል ይካፈላል የሚለው የሕዝቡ አመለካከት በቤተሰብ ሕጉና በመሬት ምዝገባው ዘመን እያደገ መምጣቱን አግኝተዋል። ለጽሑፋቸው የመረጡት ርዕስም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የእኛኑ አባባል ነው።

የገንዘቡ ባለቤት ማንነት የሚገዛውን ነገርና የሚገኘውን ምርት እንደሚለውጥ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ማስረጃ አለ። ክሪስቶፈር ኡድሪ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁር በቡርኪና ፋሶ ባደረጉትና በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ፍግና ጉልበት ከሚስት ማሳ ይልቅ ወደ ባል ማሳ እንደሚያደላ አሳይተዋል። ያው ፍግና ጉልበት በሁለቱ ማሳ ላይ በአግባቡ ቢከፋፈል ኖሮ ቤተሰቡ ስድስት በመቶ ገደማ ተጨማሪ ምርት ያገኝ እንደነበርም አስልተዋል። ምንም ሳይጨመር፣ በምክክር ብቻ የሚገኝ ምርት ማለት ነው።

ከጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቀው

የወረዳና የቀበሌ አመራር በባልና ሚስት መካከል ገብቶ ማን ምን ይግዛ ሊል አይችልም፤ አይገባምም። ነገር ግን በመንግሥት እጅ ያሉ አሠራሮች ሳይታሰብ አንዱን ወገን እያገለሉ እንዳይሆን መፈተሽ ይቻላል።

አንደኛው የግብዓት ምዝገባ ነው። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ፍላጎት ሲመዘገብ የሚጠየቀው በአብዛኛው አባወራው ነው። የሁለቱ ስም ተመዝግቦ ሁለቱም ቢፈርሙ ዕዳው ሲመጣ በቤቱ ውስጥ «አላውቅም» የሚል አይኖርም። ሁለተኛው ብድር ነው። ብድር ሰጪዎች የሁለቱን ተጋቢዎች ፊርማ መጠየቃቸው ቢሮክራሲ ሳይሆን የራሳቸውም ዋስትና ነው። ሦስተኛው የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ክፍያ ነው። ማኅበራቱ ስንዴና የቢራ ገብስ ገዝተው በባንክ ሲከፍሉ በጋራ ሒሳብ ለመቀበል የሚፈልጉ ተጋቢዎች ካሉ ሊያበረታቱ ይገባል። ሚስት በራሷ አባል መሆን እንደምትችልም በስብሰባ ላይ በግልጽ መነገር አለበት።

አራተኛው ሥልጠና ነው። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ሰዓት ሴቶች ውኃ በሚቀዱበትና ልጆች በሚያበሉበት ጊዜ ከሆነ የሚመጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ ምርት አያያዝና ሽያጭ ሲያስተምሩ ባልና ሚስትን አንድ ላይ ቢጠሩ ትምህርቱ ቤት ሲደርስ በግማሽ አይቀርም። አምስተኛው ማከማቻ ነው። ነፍሳት የማያስገባ የእህል ከረጢትና የተሻሻለ ጎተራ በቅርብ ከተገኘ በጥድፊያ የሚሸጠው እህል ይቀንሳል፤ እህሉ ቤት መግባቱም የእማወራዋን ቁጥጥር ይመልሳል።

አንድ ምሽት ከአጨዳ በፊት

ከሁሉም የሚቀድመው ግን ቤት ውስጥ የሚደረገው ነው። ኮምባይነር ከመግባቱ ከአንድ ሳምንት በፊት አንድ ምሽት በቂ ነው። ባልና ሚስት ቡና አፍልተው፣ ትምህርት የጀመረ ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ አጠገባቸው ተቀምጦ አራት ነገር ይጻፍ። መጀመሪያ እስከሚቀጥለው ምርት ለምግብ ስንት ኩንታል ያስፈልጋል? ይህን የሚናገሩት እማወራዋ ናቸው። ቀጥሎ ለዘር ስንት ይቀመጥ? ሦስተኛ ለማዳበሪያ፣ ለኪራይና ለዕዳ ስንት ብር ግድ ነው? ይህን በይበልጥ የሚያውቁት አባወራው ናቸው። አራተኛ ከዚህ የተረፈው ምን ይገዛበት? በዚህ ላይ ሁለቱ እኩል ይናገሩ።

ይህ ከሆነ በኋላ ማሳ ዳር የሚቆመው ነጋዴ የሚያገኘው መጠኑ የተቆረጠ እህል ነው። የገበያ ዋጋ ይለዋወጣል፣ ነጋዴው ይሄድብኛል፣ ሚስቴን ልጠይቅ ብዬ መመለስ አልችልም የሚሉ አባወራዎች ስጋታቸው እውነት ነው። ለዚህም መልሱ አስቀድሞ መስማማት ነው። ከዚህ ዋጋ በታች አይሸጥ፣ ከዚህ መጠን በላይ አይሸጥ ተብሎ ከተወሰነ በማሳው ላይ ያለው ሰው ማንንም ሳይጠብቅ መወሰን ይችላል። ለግዢም እንዲሁ ነው። ከዚህ ብር በታች ያለውን እያንዳንዱ በራሱ ይግዛ፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን የሁለቱን ቃል ይጠይቅ። ልኩን ራሳቸው ተጋቢዎቹ ያስቀምጡት።

ገንዘቡ በስልክ የሚገባ ከሆነ የገባውን መጠን የሚገልጸውን መልእክት ለሌላው ማሳየት ምንም ወጪ የለውም። ከአንድ በላይ ጎጆ ባለበት ቤት ደግሞ የእያንዳንዱ ጎጆ ድርሻ በደብተሩ ላይ ለየብቻ ቢሰፍር በኋላ የሚነሳውን ቅሬታ ይቀንሳል።

ሚስቶችም የሚጠበቅባቸው አለ። ጠብ ላለመፍጠር ሲሉ ዝም የሚሉ፣ የቅቤና የዶሮ ገቢያቸውን ደብቀው የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። መደበቁ ብዙ ጊዜ የመጣው ትልቁ ኪስ ስለተደበቀ ነው። አንዱ ሲከፈት ሌላውም መከፈት ይኖርበታል። በግልጽ ሒሳብ ላይ የሚቆም ቤት ከሁለቱም ወገን ድፍረት ይፈልጋል።

የቦናው ስንዴ ታጭዶ ሲያልቅ የገናው እርሻ ይቀጥላል። መጋቢት ላይ ዘር ከጎተራ ሲወጣ ጥር ላይ የተወሰነው ውሳኔ መልካም ወይም መጥፎ መሆኑ ይታያል። ዘሩ ተሟልቶ የተገኘበት፣ ልጆቹ እስከ ሐምሌ ሳይርባቸው የደረሱበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ በመኪናው ዳር ሁለት ሰው የቆመበት ቤት ነው።